የእምቢታ ዘር

ጥር 12
ከውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ግቢ

ለእትዬ ቅጠል፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እዚያ መኖሪያው ያሉት አረጋውያንስ? ያ ጽጌረዳ እየቀጠፈ ለነርሶች የሚያድለው ሽማግሌ አሁንም አላስቀምጥ እንዳለዎት ነው? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ትንሽ ደከም ብሏታል እንጂ ሌላ ምንም የለም። የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ትሠራለች፤ እርስዎንም ሰላም በልልኝ ብላለች።

መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ግን የጠየቁኝን አስብና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ዘሯን የሰጡኝ ተክል፣ እምቢታዋ፣ አፈራች ወይ ነው ያሉኝ። አላፈራችም እትዬ። ዘንድሮም አበበች፣ ግቢውን አሳመረችው፣ ከዚያ አበባዋ ረገፈ፣ በቃ። አንዲት ፍሬ የለም። እንደ በፊቱ ዝናቡ ነው፣ ጉንዳኑ ነው እንዳልልዎ ሰበቡም አልቆብኛል። ችግኝ ጣቢያ ሳለን ባስተማሩኝ መሠረት ነው የያዝኳት። ድንጋያማ መደብ ሰጠኋት፣ ውሃውን ቆጠብኩ፣ ፍግ የሚባል ነገር አላስጠጋኋትም። ሰው በተሰጠው ዘር ማፈር እንዲህ ነው ለካ።

የዱር ቦታዋን እንዲያይልኝ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሾፌር ለምኜ ነበር። እኔና እርስዎ በገመድ ወርደን ዘሯን የለቀምንበትን ገደል ማለቴ ነው። መንገዱን ሲያሰፉ ገደሉን ንደውታል፤ ያለው ጠጠር ብቻ ነው አለኝ። እንግዲህ በዱር የለችም ማለት ነው። የቀረችው እርስዎ ጋ ያለችውና እኔ ጋ ያለችው ነች።

ስለዚህ አላፍርም፣ እለምንዎታለሁ፤ ዘንድሮ ካፈሩት ትንሽ ዘር ይላኩልኝ። ዘሯ ከዓመት እንደማያልፍ አውቃለሁና የአዲሱን ቢሆን ደስ ይለኛል። እነዚህን መካኖቹንስ ምን ላድርጋቸው?

የእርስዎው
አካፋው


የካቲት 4
ከአረጋውያን መኖሪያው አትክልት ቦታ

አካፋው፤

እንደምን አለህ? ይህን ያህል ዘመን አልፎም በዚህ ስም ስጠራህ እንዳትቀየመኝ። ችግኝ ጣቢያ የገባህ ዕለት አካፋ ዘቅዝቀህ ይዘህ ስላየሁህ ሌላ ስም አፌ ላይ አይመጣልኝም። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፤ ተንበርክኬ መነሳት ስላቃተኝ አሁን አሁን ቁጭ ብዬ እየተንፏቀቅኩ ነው የምኮተኩተው። ሽማግሌው ጽጌረዳ መቅጠፉን ትቷል። አንዷ ነርስ ባል አግብታ ሄደችበትና አኩርፎ ነው።

መካኖቹን የጠየቅከኝ ደግሞ ምኑ ያጠያይቃል? ንቀላቸው። መደብ ይዘው፣ ውሃ ጠጥተው፣ አበባ ብቻ እያሳዩ የሚኖሩትን ማስታመም የአትክልተኛ ሥራ አይደለም። እኔ ካቻምና የኔዎቹን እንዲሁ አጽድቻቸዋለሁ። ከሥራቸው ነቅዬ ለሚያፈሩት ቦታ ለቀቅኩላቸው። ዛሬ መደቤን ብታየው ተበጥሮ የተጎነጎነ ጸጉር ነው የሚመስለው። አንተ ግን ልብህ ስስ ነው፤ ድሮም የደረቀ ችግኝ ጣል ስትባል ኪስህ ውስጥ ደብቀህ ትወጣ ነበር።

ዘሩን እልክልሃለሁ። ገና አልነፋሁትም፣ ጊዜ አጥቼ ነው።

ስለ ገደሉ የጻፍከውን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ አረም የሌለበትን መደብ ስኮተኩት ዋልኩ።

ልብስ ሰፊዋን ሳምልኝ። ደከም ብሏታል ያልከው ምንድን ነው? እሷ ሴትዮ ደከመኝ ስትል እኔ በበኩሌ ሰምቼ አላውቅም።

እትዬ ቅጠል


ሚያዝያ 20
ከውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ግቢ

ለእትዬ ቅጠል፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እንደ ወትሮው ዘግይቼ እየጻፍኩ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ንቀላቸው ያሉኝን ነቅያለሁ። በአጥሩ በኩል የነበሩትን በሙሉ። ሥራቸው ድንጋይ አቅፎ ስለነበር በመቆፈሪያ ነው ያወጣኋቸው። አንዷን ግን ተውኩ። መስኮቱ ሥር ያለችዋን ልነቅል ስል ባለቤቴ ከውስጥ መስታወቱን አንኳኳች። «እሷን እኔ ስነሳ ራሴ እነቅላታለሁ፤ እስክነሳ አትንካብኝ» አለች። አልጋ ይዛለች ማለቴ አይደለም። ቀን ቀን ጋደም ትላለች፣ ጉንፋን ነገር ነው። እሷ ተኝታ ሳለ ከዓይኗ ላይ የምታየውን ማንሳት ደስ አላለኝም። ስትነሳ እንነቅላታለን።

ዘሩ አልደረሰኝም። ፖስታ ቤት ሦስቴ ተመላልሼ የመስኮቱን ሰውዬ ተቆጣሁት። እሱም በበኩሉ «የኔ ጌታ፣ የመጣልህን በልቼብህ ነው?» አለኝ። እንዲያው የላኩት በየትኛው መኪና እንደሆነ ቢጽፉልኝ እከታተለው ነበር። መደቡን ገልብጬ፣ ጠጠሩን አሰናድቼ እየጠበቅኩ ነው።

ባለቤቴ ሰላም ብላለች። ለዘሩ ማስቀመጫ ከብጥስጣሽ ጨርቅ ትንንሽ ከረጢቶች ሰፍታለች። ሁሉንም በቀይ ክር።

አካፋው


ሰኔ 15
ከአረጋውያን መኖሪያው አትክልት ቦታ

አካፋው፤

ያንን የፖስታ ቤት ሰው ይቅርታ ጠይቅልኝ። ምንም አልበላብህም። እኔ ምንም አልላክሁም።

ዘር የለኝም። አሁን ተነፈስኩት። አምና አላፈሩልኝም፤ የወቅቱ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ዘንድሮም አላፈሩም። እልክልሃለሁ ስልህ ከምኑም ከምኑም አንድ እፍኝ አላጣም ብዬ ነበር። የደረቀውን አበባ ሁሉ አንድ በአንድ በጥፍሬ ፈልቅቄ አየሁት፤ ባዶ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ዘር እያፈሱ የኖሩ ተክሎች አንድ ላይ እንዳደሙብኝ ነው። ውሃውን ለወጥኩ፣ አፈሩን ለወጥኩ፣ ጥላውን ቆረጥኩ። እጄ ከድቶኝ ይሆን ብዬም አሰብኩ። አትሳቅ። ሰው ሲያረጅ ዓይኑ ይከዳዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ እጅስ ለምን ይቀራል?

የሚያስፈራኝን ልንገርህ። ግንዳቸው እንጨት ሆኗል፤ አርጅተዋል። የሚመጣውን ጥቅምት ያብባሉ፣ ከዚያ በኋላ ዋስትና የለኝም። ገደሉ ፈርሷል። ያንተዎቹን ንቀል ብዬሃለሁ። ያኔም ካላፈሩ እምቢታ የምትባል ተክል በእኔ እጅ አለቀች ማለት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ዘር ሳካፍል ኖሬ መጨረሻዬ ይህ ከሆነ ምን ልበልህ፣ ሞቴን ነው የምመርጠው።

ውሸቴን በደብዳቤ ስለጻፍኩት በደብዳቤ ነው ያፈረስኩት። ብትቆጣ እውነት አለህ።

አሁን ደግሞ ያንተን እውነት አምጣ። ጉንፋን ይህን ያህል ጊዜ አይቆይም።

እትዬ ቅጠል


መስከረም 2
ከውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ግቢ

ለእትዬ ቅጠል፤

አልተቆጣሁም። እኔ ነኝ የምቆጣ? የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከእርስዎ ነው።

ስለ ባለቤቴ ለጠየቁኝ፣ ሐኪሙ የሚሰጠውን ትወስዳለች። ምግብ ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች። ዛሬ ደህና ውላለች።

ሌላ ወሬ ልንገርዎ። የስፌት መኪናው ስለከበዳት አሁን በእጇ ነው የምትሰፋው፣ አልጋው ላይ ደገፍ ብላ። ነጭ ጨርቅ ነው፤ ሰፊ፣ ያለ ኪስ፣ ያለ ቁልፍ። የማን ነው ብላት «የማይቸኩል ደንበኛ ነው» አለችኝ። ይኸውልዎ እንግዲህ መስኮቱ ሥር ያለችው እምቢታ የመጀመሪያዎቹን አበቦች ከፈተችና ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቢጫ ዱቄቷን ነጩ ጨርቅ ላይ ታራግፈዋለች። ቢጫው ሲያሹት ይብሳል፣ በሳሙናም አይለቅም። ባለቤቴ መስኮቱን እንዳትዘጋው አየር ያንሳታል። ካወቅኳት ጀምሮ እንዲህ ተበሳጭታ አታውቅም፤ ትናንት «እኔ መቼም አልነሳላትም፣ አንተው ንቀልልኝ» አለችኝ።

እኔ አልነሳም ያለችውን ነው የሰማሁት፤ ንቀልልኝ ያለችውን ቆይቶ ነው የገባኝ።

ፓምፑ ተበላሽቶ ግቢው በጎርፍ ተጥለቅልቋልና አሁን ፋታ የለኝም። በወሩ አጋማሽ ፈቃድ እወጣለሁ፣ ያኔ እነቅላታለሁ። ያው እርስዎም ያሉት እንዲሁ ነው።

አካፋው


መስከረም 9
ቴሌግራም

አትንቀል። አደራ። ደብዳቤ ይከተላል። ቅጠል።


መስከረም 9
ከአረጋውያን መኖሪያው አትክልት ቦታ

አካፋው፤

ሰላምታውን በኋላ እመለስበታለሁ። ቴሌግራሙ ቀድሞኝ ካልደረሰ፣ አሁን መቆፈሪያ በእጅህ ካለ አስቀምጠው።

ያ ቢጫ ዱቄት። ደብዳቤህን ሳነብ «ምን ዓይነት ዱቄት ነው የሚያወራው?» አልኩ። የኔዎቹ ዱቄት የላቸውም። አበባቸውን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን አልነካኝም። ከዚያ ሽርጤ ትዝ አለኝ። ድሮ በአበባ ወቅት ሽርጤ ቢጫ ይሆን ነበር፤ ያጠብኩት እኔ፣ የተማረርኩት እኔ። ከካቻምና ወዲህ ግን ነጭ ነው። ነገሩ እስኪገባኝ የመደቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ፓፓያ ነው አካፋው። እንደ ፓፓያ ነው። ወንዴዋና ሴቴዋ ለየብቻቸው ነው የሚቆሙት። እነዚያ መካን ብዬ የነቀልኳቸው ወንዴዎቹ ነበሩ። የሚያፈሩትን መርጬ፣ ቦታ ሰጥቼ፣ አጽድቼ፣ መበለት አደረግኳቸው። ወንዴ ፓፓያ የቱ እንደሆነ ስንቱን ጀማሪ አስተምሬ የኔን መደብ ማየት አቃተኝ። ለአንተ የሰጠሁህ ዘር ጥቂት ስለነበር ዕጣህ ሆኖ ሁሉም ወንዴ ሆነው በቅለዋል። አንተ ላይ ምንም ጥፋት አልነበረም። እነዚያንም በእኔ ቃል ነቀልካቸው። እስከማውቀው ድረስ አሁን በዚህ ዓለም ላይ የቀረችው ወንዴ እምቢታ መስኮትህ ሥር ያለችው ናት።

እንግዲህ ስማኝ። የኔዎቹ በጥቅምት መጀመሪያ ይከፈታሉ። ያንተዋ ዋናው አበባዋ በሚፈነዳበት ማለዳ፣ ጤዛው እንደደረቀ ቁረጥ። ጥላ ቦታ ወረቀት ላይ አውለው። በወረቀት ጠቅልለው፣ ላስቲክ እንዳታደርግበት፣ ይሻግታል። በአገር አቋራጩ አውቶቡስ ለሾፌሩ በእጁ ስጠው፣ እኔ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበለዋለሁ። የቻልከውን ያህል፣ ብትችል ሁሉንም ላክ። ግማሹ ዱቄት መንገድ ላይ ይሞታል፤ ለኔ መደብ ሙሉ አበባ ጥቂቱ አይበቃውም።

ባለቤትህን ይቅርታ ጠይቅልኝ። የምትሰፋው ጨርቅ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩህም፣ አልጠይቅህምም። እጇን ሳምልኝ።

እትዬ ቅጠል


መስከረም 27
ከውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ግቢ

ለእትዬ ቅጠል፤

ባለቤቴ ዐርፋለች። በሌላ መንገድ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ቴሌግራሙን ያመጣው ሰው ሲደርስ ተክሏ ቆማ ነበር። ደብዳቤዎም ተከትሎ መጣ። ለእሷ ላነብላት አሰብኩና ተኝታ ስለነበር ለነገ አልኩ። በማግስቱም አልነቃችም፤ ትተነፍሳለች እንጂ አታወራም። ሳላነብላት ቀረሁ። ስለዚህ እሷም ብትሆን ይህን ትፈቅድ ነበር ብዬ ለማንም መናገር አልችልም። ለራሴም።

ያረፈችበት ማለዳ አበባዋ በሙሉ ፈንድቶ ነበር። እትዬ፣ እንደዚያ አብባ አታውቅም። ቤቱ በሰው ተሞላ፣ የሰፋችውን ነጭ አለበሷት። ጨርቁ ጫፉ ላይ ቢጫ ነበረበት፤ እኔ ነኝ ያየሁት። ታናሽ እህቷ ከሩቅ ስትበር ደርሳ ነበር። እሷ ናት መቀስ ይዛ ወደ ግቢ የወጣችው። «ዓመቱን ሙሉ ይህችን ስታይ ነው የሞተችው፤ ይህችን ይዛ ትሂድ» አለች። ማን እምቢ ይላታል? ሰው ሁሉ እውነቷን ነው አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «አትቁረጪ» አልኳት።

ሬሳዋ እቤት ተኝቶ ስለ ተክል ወንዴና ሴቴ ማውራት እንዴት ይሆናል? «ለሰው ቃል ገብቼበታለሁ» ብቻ አልኩ። «ከእሷ የሚበልጥ ማን ሰው?» አለችኝ። መቀሱን ከእጇ ወሰድኩና ሰው ሁሉ እያየኝ አበባውን አንድ ሳላስቀር ቆርጬ ጓዳ ወረቀት ላይ ዘረጋሁት። ጓዳውን ቆለፍኩት። ከዚያ ሄደን ቀበርናት። መቃብሯ ላይ ከሱቅ የተገዛ አበባ ነው የተቀመጠው።

በማግስቱ ጥቅሉን ለሾፌሩ ሰጠሁ። ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ሳይደርስዎት አይቀርም። እህቷ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ጎረቤቱም ፊት ነስቶኛል። እኔም ልክ ሠርቻለሁ ብዬ አልምልልዎም። ከመስኮቱ ሥር ያለችው አሁን ቅጠል ብቻ ናት። በዚያ በኩል ማለፍ ስላቃተኝ በኋላው በር ነው የምገባው።

አካፋው


ጥቅምት 11
ከአረጋውያን መኖሪያው አትክልት ቦታ

ወንድሜ፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። ነፍሷን ይማር። መጥቼ አጠገብህ መቀመጥ ነበረብኝ፤ አበባው ሊከፈት ስለነበር አልመጣሁም። ይህን የሚረዳኝ ሰው ቢኖር አንተ ነህ፤ ስለዚህም ለአንተ ብቻ እጽፈዋለሁ።

ጥቅሉ ደርሶኛል። ወረቀቱን ስፈታው ዱቄቱ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። በዶሮ ላባ እየነካካሁ ከአንዷ ወደ አንዷ አዳረስኩት። ሽማግሌው ወንበር አምጥቶ «ምን እየሠራሽ ነው?» ሲለኝ ዋለ። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ላባ ያቀብለኝ ጀመር። ማልቀሴን አይቶ እንደሆነ አላውቅም።

ልክ ሠርተሃል ልልህ አልችልም። ሁሉንም ላክ ብዬ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ፤ ስጽፈውም የምትሰፋው ምን እንደሆነ አውቄ ነበር። ቂሙ የሚገባው ለእኔ ነው። የእህቷን አድራሻ ላክልኝ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ደግሞ በፊት ለፊቱ በር ግባ።

እትዬ ቅጠል


ጥር 8
ከአረጋውያን መኖሪያው አትክልት ቦታ

ወንድሜ፤

አፍርተዋል። ሁሉም አይደሉም፣ ከቀኝ በኩል ያሉት። ፍሬውን ስጨምቀው ጠጠር እንደያዘ ከረጢት ቆረቆረኝና እዚያው በጀርባዬ ወደቅኩ። ነርሶቹ አሞኛል ብለው ሮጡ።

በሦስት ከፍየዋለሁ። አንዱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ነው። አንዱ እኔ ጋ ይቀራል። ሦስተኛውን በሰጠኸኝ አድራሻ ለባለቤትህ እህት ልኬዋለሁ፤ አብሬም የሆነውን ሁሉ ጽፌላታለሁ፤ ገደሉን፣ የነቀልኩትን፣ ላክልኝ ያልኩህን። ያን ቀን የተከለከልሽው አበባ ይኸውልሽ፣ የት እንደምትዘሪው አንቺ ታውቂያለሽ ብያታለሁ። ካልተቀበለችኝም መብቷ ነው። ሳላስፈቅድህ ነው ያደረግኩት። ባስፈቅድህ እምቢ ትል ነበር።

ሲበቅሉ ያፈራም ያላፈራም፣ አንዱንም እንዳትነቅል።

እትዬ ቅጠል


ግንቦት 19
ከውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ግቢ

ለእትዬ ቅጠል፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ብዙ ቆየሁ፤ የምጽፈው ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ስለ ላኩልኝ ዘር ልንገርዎ። እኔ ጋ ገና ነው። ስሟን ያውቁት የለ፤ እምቢ ብላለች። መደቡን በየቀኑ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። እህቷ ግን መጥታለች።

የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ፤ አንገቷን አቀርቅራ ከረጢት ይዛ ቆማለች። «ይህ እንዴት ነው የሚዘራው?» አለችኝ። እንዴት ነህ አላለችኝም። ግቢ ብላትም አልገባም አለች። አብሬያት መቃብሩ ጋ ሄድኩና ጠጠሩን እንዴት እንደምታደርግ አሳየኋት። ጣቷ እስኪላጥ ራሷ ነው የሠራችው። ስንጨርስ ወደ መናኸሪያው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ትመጣለች፤ መንገዱ ግማሽ ቀን ይወስድባታል። ታጠጣለች፣ ትመለሳለች። እኔም ውሃ እየቀዳሁ አጠገቧ እቆማለሁ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አንስታ አታውቅም፤ እኔም አላነሳሁም። ባለፈው ወር ቤት ገብታ ተቀመጠች። የእህቷን የስፌት መኪና ዳሰሰችው።

ትናንት መቃብሩ ጋ ስንደርስ በቅለው አገኘናቸው። የጥፍር ያህል ናቸው፣ ከጠጠሩ መሀል። እሷ ተቀምጣ ለብዙ ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ ማጠጫውን አንስታ በቀስታ ስታጠጣ ቆየች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነው የተናገረችው።

«ያን ቀን አበባውን ሰጥተኸኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምኑን አጠጣ ነበር?» አለችኝ።

ማጠጫው ባዶ ስለነበር ተቀብያት ልቀዳላት ሄድኩ።

የእርስዎው
አካፋው